ከኮምፒዩተሩ ፊት ማን ይቀመጥ?

በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ እኅቶች፣ እንዲሁም ባልደረቦቻችሁና ባለቤቶቻችሁ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው የኮምፒዩተር ሥልጠናን ነው። ይህ የቤተሰብ ዓምድን ምን አገባው የሚል አይጠፋም። የእናት እንጀራ የተያያዘበት ጉዳይ ሁሉ ቤተሰብን ይመለከታል።

እንደሚታወቀው፣ በመዝገብና በደብዳቤ ይከናወን የነበረው ሥራ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ እየተዛወረ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ዕቅድ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በወረቀት ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ መረጃ በብዙ ቦታ በታብሌት መመዝገብ ጀምረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘው ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ተከፍቷል።

ይህ መልካም ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራም መጻፍ ሌላ፣ የዕለት ሥራን በኮምፒዩተር ማከናወን ሌላ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ደብዳቤ መጻፍ፣ የጻፈችውን ማስቀመጥ፣ ያስቀመጠችውን ፈልጎ ማግኘትና የይለፍ ቃሏን መጠበቅ ነው።

ለመሆኑ ሥልጠና የሚጠቅመው እንዴት ሲዘጋጅ ነው? አገራችን በዚህ ረገድ ልምድ አላት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ ወደ 15 አድጓል፤ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ መማሩ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የሚያነቡት ያጡ ብዙዎች መልሰው ረስተውታል። የኮምፒዩተር ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ካልተሠራበት ይጠፋል።

ስለዚህ አንደኛ፣ ሥልጠናው ከሠራተኛዋ ጠረጴዛ ይነሣ። አሠልጣኙ አስቀድሞ አጠገቧ ተቀምጦ በቀን ምን ምን እንደምትሠራና የት ላይ እንደምትቸገር ይጠይቅ። ልምምዱ በራሷ መሥሪያ ቤት ደብዳቤና ቅጽ ይሁን። የኢሉባቦር ጽሕፈት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የሚጻጻፉ እንደመሆናቸው ትምህርቱም በዚያው ይሰጥ። ቁቤ በማንኛውም ኮምፒዩተር ቁልፎች ይጻፋል፤ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ የምትጽፍ ግን የግዕዝ ፊደል አጻጻፍን ለብቻ መለማመድ አለባት።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ በእጇ ትሥራ። ለአራት ሰው አንድ ኮምፒዩተር ሲደርስ የሚያውቀው ወንድም ይቀመጣል፤ እኅት ከኋላ ቆማ ትመለከታለች። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ሁለቱም እኩል ይቀበላሉ። በዓይን ያዩት ሁሉ እጅ አይገባም። በተራ መቀመጥ ግዴታ ይሁን፤ የሚያውቀው በአፉ ይምራ እንጂ እጁን አያስገባ።

ሦስተኛ፣ ጊዜውና ቦታው ለእናት የሚመች ይሁን። አምስት ቀን ሙሉ በጅማ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ የሚሰጥ ሥልጠና የምታጠባዋን እናት ያስቀራል። በሥራ ሰዓት፣ እዚያው ከተማ፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ለሁለት ወር ቢሰጥ ግን ሁሉም ይደርሰዋል፤ ተማሪዋም የተማረችውን በማግሥቱ ትሠራበታለች። በክረምት መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራ እንዳይባክን፣ የጻፉትን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይሁን።

አራተኛ፣ ክትትል ይኑር። ከአንድ ወር በኋላ አሠልጣኙ ተመልሶ ሠራተኛዋ ያለረዳት አንድ ሥራ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ስትፈጽም ይመልከት። የሥልጠናው ውጤት የሚለካው በዚህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም «ይህን እንዴት ልሥራ?» ተብሎ ሳይታፈር የሚጠየቅ አንድ ባልደረባ ይመደብ።

ይህ ካልሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እንበልና አንዲት ገንዘብ ያዥ ክፍያውን በኮምፒዩተር ማስገባት ቢያቅታት፣ «እኔ ልሥራልሽ» ላለ ወጣት የይለፍ ቃሏን ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ የሚፈጸመው ክፍያ ሁሉ በእርሷ ስም ይመዘገባል። ጉድለት ሲገኝ ኦዲተሩ የሚጠራው እርሷን ነው። የደመወዟና የልጆቿ ነገር በማታውቀው እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለሆነም የይለፍ ቃል እንደ ካዝና ቁልፍ ለማንም የማይሰጥ መሆኑ በሥልጠናው ጊዜ ደጋግሞ ይነገር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የሠልጣኞችን ስም ስትልኩ ሴቶቹን አትዝለሉ። ባለቤቶችም፣ ሚስታችሁ ስትለማመድ አንድ ምሽት ቡናውን አፍሉ፤ ልጁን ያዙ።

እናንተም እኅቶች፣ «ይህ ለወጣቶች ነው» አትበሉ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉን ከነቅጥያው እየገጣጠሙ፣ ቁልፉን ሳያዩ ይጽፉ ነበር። ያ ከዚህ አይቀልም። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና። በሚቀጥለው ሥልጠና ወንበሩ ባዶ ሲሆን ቀድማችሁ ተቀመጡ።