ዋጋው ተስማማ፣ ቁልፉ ግን የለም፦ እንግሊዝ አገር ቤት ስትገዙ ሶሊሲተሩ ለምን ይዘገያል?

ቤቱን አገኛችሁት። ዋጋ አቀረባችሁ፣ ሻጩ እሺ አለ፣ ኤጀንቱ ደውሎ «እንኳን ደስ አላችሁ» አላችሁ። ለቤተሰብ ተነገረ፣ እናት አገር ቤት ሆነው እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ሶሊሲተሩ ቢሮ ስትደውሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትባላላችሁ። ኢሜይል ስትልኩ «ከሌላኛው ወገን መልስ እየጠበቅን ነው» የሚል አንድ መስመር ይመጣል።

ለንደን፣ በርሚንግሃም፣ ሊድስ ወይም ማንቸስተር የምትኖሩ ቤተሰቦቻችን ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ካልደረሰባችሁም የደረሰበት ጓደኛ አይጠፋም። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እናየዋለን፦ መዘግየቱ ከየት ይመጣል? መንግሥት «አስተካክላለሁ» ያለው ምንድነው? እናንተስ እጃችሁ ላይ ምን አለ? (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ምንድነው?

በኦክቶበር 2025 የእንግሊዝ መንግሥት የቤት ግዢና ሽያጭ ሥርዓቱን ለመቀየር ያሰበውን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ ጀመረ። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ሻጩ ስለ ቤቱ ዋና ዋና መረጃዎችን ገና ቤቱን ለገበያ ሲያወጣ እንዲያቀርብ። ሁለተኛ፣ ገዢና ሻጭ ከፈለጉ ቀደም ብለው የሚያስር ውል እንዲገቡ። መንግሥት ይህ ሂደቱን በ4 ሳምንት ገደማ እንደሚያሳጥርና ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎች በአማካይ 710 ፓውንድ እንደሚያተርፍ ተናግሯል።

ጥሩ ወሬ ነው። ግን «አሁን ቤት እየገዛሁ ላለሁት ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ለሚል ሰው መልሱ «ገና ነው» ነው። ሐሳብ ሕግ እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል። የእናንተ የሞርጌጅ ፈቃድ ግን አይጠብቅም።

«እሺ» ማለት እሺ አይደለም

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ይሄ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሻጩ ዋጋችሁን ተቀበለ ማለት ሕግ ፊት ምንም ማለት አይደለም። በ1989 የወጣው ሕግ የቤትና የመሬት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና መፈረም አለበት ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የተፈራረሙትን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም በማንም ላይ አይታሰርም። ሻጩ ሌላ ሰው 10 ሺህ ፓውንድ ጨምሮለት ሊከዳችሁ ይችላል። እናንተም ልትተዉት ትችላላችሁ።

አገር ቤትም ቢሆን በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት እንዲፈጸም ይጠይቃል። ልዩነቱ እንግሊዝ አገር ከ«እሺ» እስከ ፊርማ ያለው መንገድ ወራት መፍጀቱ ነው። እነዚያ ወራት ደግሞ ባዶ አደጋ ናቸው። ለቤቱ ግምገማና ለማጣሪያ የከፈላችሁት ገንዘብ ግዢው ቢፈርስ አይመለስም። የሞርጌጅ ፈቃዱም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ብቻ ነው የሚቆየው። ካለፈ በዕለቱ ወለድ እንደገና ማመልከት ሊመጣ ይችላል።

ሳምንታት ሲዘገይ ዋጋ እንደሚያስከፍል በ2025 መጀመሪያ በደንብ ታይቷል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ የስታምፕ ዲውቲ ግብር ወለሎች ዝቅ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች ከግብር ነፃ የነበረው እስከ 425 ሺህ ፓውንድ ሲሆን ወደ 300 ሺህ ወረደ። 425 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ማርች መጨረሻ ላይ ቁልፍ የተረከበ ሰው ግብሩ ዜሮ ነበር። ፋይሉ ትንሽ ዘግይቶ ኤፕሪል የገባበት ግን 6,250 ፓውንድ። ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ሶሊሲተሩን መርገም ቀላል ነው። አንዳንዴም ይገባዋል። ግን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ካላያችሁት ማንን መግፋት እንዳለባችሁ አታውቁም።

አንደኛ፣ መረጃው የሚሰበሰበው ከስምምነቱ በኋላ ነው። የሻጩ ወገን ስለ ቤቱ ረጃጅም ቅጾች ይሞላል። የእናንተ ሶሊሲተር ለአካባቢው ካውንስል፣ ለውሃና ፍሳሽ ድርጅት፣ ለአካባቢ ሁኔታ ማጣሪያ ጥያቄ ይልካል። አንዳንዱ ካውንስል በቀናት ይመልሳል፣ አንዳንዱ ሳምንታት ያስቆጥራል። ሶሊሲተሩ ቢጮህም ባይጮህም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ። እናንተ የምትገዙለት ሰው ሌላ ቤት እየገዛ ነው፤ ለእሱ የሚሸጠውም እንደዚሁ። አምስት ቤት ከተያያዘ አምስቱም በአንድ ቀን ነው የሚንቀሳቀሱት። ከሁሉም የዘገየው ሰው የሁሉም ፍጥነት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ፍላት። ፍላት ስትገዙ ብዙውን ጊዜ ሊዝሆልድ ነው። የሕንፃው አስተዳዳሪ ድርጅት ስለ ወርሃዊና ዓመታዊ ክፍያ፣ ስለ ታቀደ እድሳት፣ ስለ ዕዳ የሚገልጽ ሰነድ መስጠት አለበት። በጁን 2017 የግሬንፌል ታወር ቃጠሎ 72 ሰዎችን ከቀጠፈ በኋላ ደግሞ ባንኮች ስለ ሕንፃው የውጭ ግድግዳ የእሳት ደህንነት ማረጋገጫ መጠየቅ ጀመሩ። ያ ወረቀት ከሌለ ብድሩ ሊቆም ይችላል።

አራተኛ፣ ይሄኛው የቢሮው ጉዳይ ነው። የቤት ሥራ የሚከፈለው በቁርጥ ዋጋ ነው። ገዢው ርካሹን ይፈልጋል፣ ቢሮው ርካሽ ሆኖ ለመኖር ብዙ ፋይል ይይዛል። አንድ ሰው ላይ ብዙ ፋይል ሲከመር በጠዋቱ የሚከፈተው የጮኸው ነው። የእናንተ ዝም ያለው ፋይል ከሥር ይተኛል። ኤጀንቱ «እኛ የምናውቀው ጎበዝ አለ» ብሎ ሲጠቁማችሁም ብዙ ጊዜ ለጥቆማው ኮሚሽን እንደሚከፈለው እወቁ። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ግን የተጠቆመው ለእናንተ የሚበጀው ነው ማለትም አይደለም።

የእኛ ሰው ላይ የሚከብደው ጥያቄ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ማንኛውም ሶሊሲተር «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ሕገወጥ ገንዘብ ለመከላከል የወጡት ሕጎች ሳያጣራ ቢቀበል እሱን ራሱን ያስጠይቁታል።

ደመወዙን በባንክ እየተቀበለ በአንድ አካውንት ላጠራቀመ ሰው ቀላል ነው፣ የባንክ መግለጫውን ይልካል፣ አለቀ። የእኛ ሰው ግን እንዴት ነው ቤት የሚገዛው? እቁብ ደርሶት ነው። ወንድም ከዱባይ ልኮለት፣ አክስት ከዋሽንግተን ጨምራለት ነው። አገር ቤት መኪና ተሽጦ ነው። ሁሉም ንጹህ ገንዘብ ነው። ግን ሶሊሲተሩ የሚያየው አንድ ቀን ድንገት አካውንት ላይ የገባ 15 ሺህ ፓውንድ ነው። «እቁብ ነው» ብትሉት እቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም። «ማስረጃ ላኩ» ይላል፣ ግማሹን ትልካላችሁ፣ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ይሄዳል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ሶሊሲተሩ የሆነ ነገር አጠራጥሮት ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ካደረገ ለደንበኛው መንገር በሕግ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ዝምታው የስንፍና ሳይሆን የሕግ ይሆናል። ለዚህ ነው የገንዘቡን ታሪክ ከመጀመሪያው አጥርቶ መስጠት የሚያዋጣው።

መንግሥት ያሰበው ለውጥ ይህን አይፈታም። ሻጩ መረጃ አስቀድሞ ማቅረቡ የካውንስሉንና የሕንፃ አስተዳዳሪውን ጣጣ ይቀንሳል። የእናንተን የገንዘብ ምንጭ ግን ከእናንተ በቀር የሚያዘጋጅ የለም።

ለውጡስ ይሠራል?

እንግሊዝ ይህን ስትሞክር የመጀመሪያዋ አይደለም። በ2007 ሻጮች የቤት መረጃ ጥቅል እንዲያዘጋጁ ግዴታ ተደርጎ ነበር። በግንቦት 2010 አዲሱ መንግሥት አገደው። ከቅሬታዎቹ አንዱ ሻጩ ከፍሎ ያዘጋጀውን የገዢው ወገን ሳያምነው እንደገና ያጣራዋል የሚል ነበር። በሌላ በኩል ስኮትላንድ ከዲሴምበር 2008 ጀምሮ ሻጩ ስለ ቤቱ ሁኔታ ሪፖርት እንዲያቀርብ ታስገድዳለች፤ እስካሁንም ይሠራል።

ከዚህ የምንረዳው ወረቀቱ ቀድሞ መምጣቱ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ባንኩና የገዢው ሶሊሲተር ሊያምኑት የሚችሉት ወረቀት መሆን አለበት። አዲሱ ዕቅድ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለናል።

እስከዚያ ምን እናድርግ?

1. ሶሊሲተሩን ቤት ሳታገኙ ምረጡ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፋይሌን በስሙ የሚይዘው ማነው? እሱ እረፍት ሲወጣ ማን ይተካል? ባንኬ ከምትሠሩባቸው ዝርዝር ውስጥ ናችሁ? ባንኩ የማያውቀው ቢሮ ከሆነ ሌላ መዘግየት ነው።

2. የገንዘቡን ፋይል ዛሬ ጀምሩ። የ6 ወር የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ስጦታ ከሆነ «አይመለስም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤና የሰጪው መታወቂያና የባንክ መግለጫ። እቁብ ከሆነ የአባላት ዝርዝር፣ የዙሩ መጠን፣ በየወሩ የከፈላችሁበት የባንክ ማስተላለፊያ፣ የሰብሳቢው ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ። ከአሁን በኋላ እቁባችሁን በጥሬ ሳይሆን በባንክ ክፈሉ። ዱካው ነው የሚያድናችሁ።

3. በቀን አምስት ጊዜ አትደውሉ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ «የቀረው ምንድነው? ከማን? መቼ ተጠየቀ?» «ምን ላይ ደረሰ?» ለሚለው «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ማምለጥ ይቻላል። «ከማን?» ለሚለው ግን አይቻልም።

4. መልሱን ይዛችሁ ትክክለኛውን ሰው ግፉ። የሻጩ ወገን ከሆነ የዘገየው ለኤጀንቱ ደውሉ። ኤጀንቱ የሻጩ ሠራተኛ ቢሆንም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ላይ ከእናንተ ጋር ነው።

5. የሞርጌጅ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። አንድ ወር ሲቀረው ማራዘም ይቻል እንደሆነ ባንኩን ጠይቁ። ውል ሳትለዋወጡ ደግሞ የተከራያችሁትን ቤት «እለቃለሁ» እንዳትሉ። አደራ!

6. ዴፖዚት ከመላካችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከሶሊሲተራችሁ የመጣ ቢመስልም አትመኑ። አጭበርባሪዎች ኢሜይል ሰብረው ገብተው የሚጠብቁት ያን ቀን ነው። ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ቁጥር ደውላችሁ ቁጥሩን በቃል አረጋግጡ።

7. ከልክ ካለፈ አቤቱታ አለ። መጀመሪያ ለራሱ ለቢሮው በጽሑፍ አቅርቡ፤ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካችሁ ወይም ጭራሽ ካልመጣ ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን ሂዱ። ነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ መዘግየትንም ያያል። የመጨረሻ መልስ ከተሰጣችሁ በ6 ወር ውስጥ፣ ችግሩ ከተፈጠረ ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ኢሜይሎቻችሁን አታጥፉ። መሃል ላይ ሶሊሲተር መቀየርም ይቻላል፤ ግን እስካሁን ለተሠራው ሊያስከፍል፣ ሒሳቡ እስኪከፈልም ፋይሉን ሊይዝ ይችላል። መጨረሻው ከቀረበ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ሁለት ዓይነት መዘግየት አለ

አንዱ ፋይሉ የተኛበት መዘግየት ነው። ሌላው ሶሊሲተሩ «ይህ ነገር አልጣመኝም» ብሎ የቆመበት ነው። በየጊዜው የሚያድግ የመሬት ኪራይ፣ ጥቂት ዓመት የቀረው ሊዝ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ጭማሪ ክፍል። ይህን አይቶ የሚያዘገያችሁ ሰው የሚቀጥሉትን 25 ዓመታት እየጠበቀላችሁ ነው። እሱን «ቶሎ በል» ብላችሁ ካስቸኮላችሁት ቤቱን ስትሸጡ የሚመጣው ገዢ ሶሊሲተር ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃችኋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ኢሜይላችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «የቆመው መልስ ስለጠፋ ነው ወይስ የመጣው መልስ ስላላረካህ?» የመጀመሪያው ከሆነ ግፉ። ሁለተኛው ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት።

ቤት እየገዛ ላለ ጓደኛችሁ ይህን ላኩለት። በተለይ እቁብ ለሚጥል።