ያልተነበበ መጽሐፍ አይመረቅ

መጽሐፍ የሚመረቀው በመነበብ ነው። ይህ ለማንም ግልጽ መሆን የሚገባው እውነት ተዘንግቶ፣ ዛሬ ምረቃ ማለት አዳራሽ፣ መድረክ፣ የክብር እንግዳና የአበባ እቅፍ ብቻ መስሎ ይታያል። አንድ ደራሲ ዓመታት የደከመበትን ሥራ ለሕዝብ ሲያቀርብ በዙሪያው ከሚሰበሰቡት ሰዎች አብዛኞቹ መጽሐፉን ገልጠው አላዩትም። የክብር እንግዳው ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ተናጋሪው ስለ ደራሲው ደግነት ይመሰክራል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ደራሲው ይፈርማል። በመጽሐፉ ውስጥ ስላለው ቁም ነገር ግን አንድም ቃል ሳይነገር አዳራሹ ይዘጋል። ይህ የመጽሐፍ በዓል ሊባል ከቶ አይገባውም።

ከአንባቢነት ወደ ደራሲነት የተሸጋገረን ወዳጅ ማክበር ተገቢ ነው፤ ግዴታም ነው። ጥያቄው በምን እናክብረው የሚል ነው። በተለይ ለእንጅባራና ለዳንግላ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና ከያንያን መልሱ ሩቅ አይደለም።

የጎጃምን የቅኔ ጉባኤ፣ ዋሸራንና ጎንጅን እናስታውስ። ተማሪው አውጥቶ አውርዶ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ሳይሰማው «ይበል!» የሚለው የለም። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ቤቱ ካልመታ ይታረማል። ቅኔው ከሰመረ ግን ያቺ አንዲት ቃል ከማናቸውም ሽልማት ትበልጥበታለች፤ የወጣችው ከሚያውቁና ካዳመጡ ሰዎች አፍ ነውና።

በአዊም ምሳሌ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ በግላስና በኮርቻ ያሸበርቃል። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የመጣው ጌጡን ብቻ አይቶ ለመመለስ አይደለም፤ ፈረሱ ሲጋልብ፣ ፈረሰኛውም ሲያስጋልብ ማየት ይሻል። እኛ የብዕር ሰዎች ግን ኮርቻውን አይተን ፈረሱን አወድሰን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችን ታሪክስ ምን ይላል? የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነበር። መጽሐፉ ፊደል ወዳልቆጠረው ወገን ጭምር የዘለቀው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ነው። ሰው በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ አዳመጠ፤ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አዘነ፤ ተከራከረ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ። መድረክ የተነፈገውን ያን መጽሐፍ በሕይወት ያቆየው ማን ነው? «እኔ ጨርሻለሁ፣ አንተም አንብበው» እያለ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፈው አንባቢ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ምረቃ ባይኖር ደራሲው የማተሚያ ቤት ዕዳውን በምን ይከፍላል?» ይላሉ። ክርክሩ ቸል የሚባል አይደለም። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሯል፤ ብዙው ደራሲም ከኪሱ አውጥቶ ያሳትማል። ነገር ግን በይሉኝታ የተገዛ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይቀራል እንጂ ሁለተኛ ገዢ አይጠራም። አንብቦ የወደደ አንድ ሰው ግን ለወዳጆቹ ሁሉ ይናገራል። ሌሎች ደግሞ «ወዳጅ የወዳጁን ሥራ በአደባባይ ቢተች ቂም ይወልዳል» ይላሉ። እኔ ግን ቂም የሚወልደው ካንገት በላይ የሆነ ምስጋና ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በአዳራሽ የተሞገሰ ደራሲ ነገ መጽሐፉን ያነበበለት አንድ ሰው እንኳ ሲያጣ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ ባዶ እንደነበር ይረዳዋል። ሂስ የወዳጅ ዕዳ ነው።

ለመሆኑ የተሻለ ልማድ ማቋቋም ይቻላልን? ይቻላል። በአዲስ አበባ ሚዩዚክ ሜይዴይ በወመዘክር አዳራሽ ለዓመታት ሲያካሂደው የቆየው የመጻሕፍት ውይይት ምስክር ነው። በዚያ መድረክ አንድ አንባቢ ስለ መረጠው መጽሐፍ የመነሻ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያም ታዳሚው ይሟገታል። ይህ የዋና ከተማ ቅንጦት ሆኖ ሊቀር አይገባም። በእንጅባራ አቅራቢያ፣ 166 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው የዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ለመቀመጥ የአዳራሽ ኪራይም የድምፅ ማጉያም አያሻም።

በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንሰብሰብ። እያንዳንዱ ሰው በቅርቡ አንብቦ የወደደውን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይምጣ፤ ስለምን እንደወደደው በአጭሩ ይናገር፤ ከዚያም ለሌላው ያውስ። ከመካከላችን መጽሐፍ ያሳተመ ሲኖር ቅጂው ከአንድ ወር በፊት ይታደል። በጉባኤው መጀመሪያ የሚናገረው አንባቢው ይሁን፤ ደራሲው ያዳምጥ። የበረታው ይመስገን፤ የደከመው ገጽ በግልጽ ይነገር። በመጨረሻም ሥራው ይገባዋል ካልን በአንድ ድምፅ «ይበል!» እንበል። ለማኅበር ጽዋ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ለመጽሐፍ ተራ መጠበቅ አያቅተውም።

ለአዊ ነገሩ ከዚህም የከበደ ነው። አዊኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ሆኗል። በቋንቋው የሚጻፍ ልቦለድ ወይም ግጥም ግን አንባቢው ማን ነው? በዚያው ቋንቋ ያስተማረው መምህርና የተማረው ወጣት ነው። በአማርኛ የተጻፈን መጽሐፍ የእንጅባራ ሰው ባያነበው የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ ሰው ያነበው ይሆናል። በአዊኛ የተጻፈውን ግን እኒህ ሰዎች አጨብጭበውለት ሳያነቡት ከቀሩ ሌላ የሚያነብለት የለም። ደራሲውም ለሁለተኛ ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣበት ምክንያት ያጣል።

ስለዚህ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞች፣ ከያንያን፦ የምረቃ ጥሪ ሲደርሳችሁ ከሰዓቱና ከቦታው በፊት መጽሐፉን ጠይቁ። አንብባችሁ ሂዱ፤ ያላነበባችሁ እንደሆነም ከመድረኩ ወርዳችሁ ከአድማጮች መካከል ተቀመጡ።