ያለ ደመወዝ የተቀጠሩ ግብር ሰብሳቢዎች
ስለ ሥራ ግብር፣ ስለ ጡረታ መዋጮና ስለ ትንንሽ አሠሪዎች የፓርቲያችን አቋም



በምርጫ ሰሞን ፓርቲዎች ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ብዙ ይናገራሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ በሌሎች ክፍሎች ተናግረናል። ይህ ክፍል ግን እምብዛም ስለማይነሣ፣ ነገር ግን በየወሩ መጨረሻ የብዙዎቻችሁን ቤት ስለሚያንኳኳ ጉዳይ ነው፤ አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ቆርጦ ለመንግሥት ስለሚያስገባው የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ።

ገና ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፓርቲያችን ግብር አይከፈል አይልም። ግብር የማይከፍል ሕዝብ መንግሥትን የመጠየቅ ጉልበት የለውም ብለን በጽኑ እናምናለን። የምንቃወመው ሕጉ የሚወጣበትን መንገድ፣ የሚቆርጠውን መጠን እና በማያውቁት ላይ የሚጥለውን ቅጣት ነው።

፩. ሕጉ የሚመጣው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ነው

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ነሐሴ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። በመቀጠር የሚገኝን ገቢ በሚመለከት ግን ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የጸና ነው ተባለ። የሐምሌ ደመወዝ በዚያን ጊዜ ተከፍሎ፣ ተበልቶ አልቋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ያው ሆነ። ማሻሻያውን አዋጅ ቁጥር 1395 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱ ወደ ሐምሌ 1 ተመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። በመርሳ ዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ አምስት ሰው የምታሠራ አንዲት እናት እናስብ። ለወጥ ቤቷ 5,000 ብር፣ ለሁለቱ አስተናጋጆች ለእያንዳንዳቸው 2,500 ብር፣ ለዕቃ አጣቢዋ 2,000 ብር፣ ለዘበኛው 3,000 ብር ትከፍላለች። በጠቅላላው 15,000 ብር መሆኑ ነው። በአሮጌው ሰንጠረዥ ከእነዚህ አምስት ሰዎች የሚቆረጠው የሥራ ግብር 1,627 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በአዲሱ ግን 800 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ይህች እናት የሐምሌን ደመወዝ ባወቀችው በአሮጌው ሰንጠረዥ ሠርታ ከሆነ፣ ሳታውቀው ከድሆች ኪስ 827 ብር ከ50 ሳንቲም አላግባብ ወስዳለች። ከዕቃ አጣቢዋ ምንም መቆረጥ ሳይገባው 157 ብር ከ50 ተቆርጦባታል። ዕቃ አጣቢዋ በነሐሴ ሥራ ለቃ ሄዳ ቢሆን ገንዘቧን ማን ፈልጎ ይመልስላታል? ሕጉን ዘግይቶ ያወጣው አካል ከዚህ ጥያቄ ነፃ ሆኖ፣ ተወቃሿ አሠሪዋ ብቻ ናት።

ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንም የሚለውን እኛም ሕግ ስንማር ተምረነዋል። ነገር ግን ይህ መርሕ የሚሠራው ሕጉ አስቀድሞ ሊታወቅ በሚችልበት አገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ሕጎች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጡ ያዘዘው ዜጋው እንዲያውቃቸው ነው። ከቀኑ በኋላ የታተመ ሕግ ለትናንቱ ሥራችን መመሪያ ሊሆነን አይችልም፤ መቅጫ ግን ይሆናል።

፪. አንዲት ሱቅ፣ ሁለት ሕግ፣ ብዙ ወረቀት

የምግብ ቤቷ ባለቤት ጣጣ በሰንጠረዡ አያበቃም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ተጀምሯል። ፓርቲያችን የግል ሠራተኛ በእርጅናው ጊዜ ጡረታ እንዲኖረው ይደግፋል። መዋጮው ከአሠሪው 7 በመቶ፣ ከሠራተኛው 5 በመቶ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ 11 እና 7 በመቶ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። በምሳሌያችን ላይ ይህ ማለት በወር ከሠራተኞቹ 1,050 ብር፣ ከባለቤቷ ካዝና 1,650 ብር፣ በድምሩ 2,700 ብር ነው። ከሥራ ግብሩ ጋር 3,500 ብር ይሆናል፤ በየወሩ፣ ገበያ ቢኖርም ባይኖርም።

ሁለቱ ሕጎች እርስ በርሳቸው እንኳ አይነጋገሩም። ለአጭር ጊዜ የተቀጠረ የጉልበት ሠራተኛን የሥራ ግብር ሕጉ በ30 ቀን ሲለይ፣ የ2003ቱ የጡረታ ሕግ በ45 ቀን ለየ። በጊራና መስኖ ማንጎና ፓፓያ የሚያስለቅም፣ በመርሳ ቤት የሚያሠራ ሰው ቀን ሠራተኛውን በሁለት መዝገብ፣ በሁለት አቆጣጠር መያዝ አለበት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይውጣ ይባላል፤ የጡረታ መለያ ቁጥርም እንዲሁ። የትራንስፖርት አበል እስከ ምን ያህል ከግብር ነፃ እንደሆነ የሚወሰነው በመመሪያ ነው። መመሪያው ሲለወጥ ለባለሱቋ የሚነግራት የለም፤ የምታውቀው ሒሳቧ በኦዲት ሲመረመር ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚወድቀው ሐምሌ ላይ ነው። አዲሱ በጀት ዓመት፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የዓመቱ የንግድ ግብር፣ ክሊራንስ፣ አዲስ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ ሁሉም በአንድ ክረምት ይደራረባሉ። አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ይቀጥርለታል። መርሳ ያለች ባለምግብ ቤት ግን ማታ ቤት ዘግታ፣ በልጇ ደብተር ላይ ራሷ ትደምራለች። መንግሥት ያለ ደመወዝ የቀጠራት ግብር ሰብሳቢ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

፫. ቅጣቱ ከጥፋቱ ይበልጣል

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ቅጣቶቹን ሲዘረዝር፣ ግብሩን ሳይቀንስ የቀረ ወይም ቀንሶ ያላስገባ አሠሪ የግብሩን 10 በመቶ እንዲቀጣ ደነገገ፤ ድርጅት ከሆነ ሥራ አስኪያጁና ዋናው የሒሳብ ባለሙያ እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ይጨምራሉ። በጊዜው ላልተከፈለ ግብር ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይታሰባል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ግብር ለማጭበርበር ብሎ ቀንሶ ያላስገባ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ከሠራተኛ ደመወዝ ቆርጦ ሆን ብሎ ኪሱ የሚከት አሠሪ ሌባ ነው፤ የዘረፈውም ድሃውን ነው። ለእርሱ አንከራከርም። የምንከራከረው ያልደረሳትን ሕግ ሳታውቅ ለተሳሳተች፣ በስሌት ለሳተች፣ ኔትወርክ ጠፍቶባት ለዘገየች ነው። የሀብሩ ሕዝብ ያሳለፈውን እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አልፎ ወደ ደሴ ሲወርድ የንግድ ቤቶች ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ባንክ አይደረስም፤ ኢንተርኔት ሲዘጋ ቅጽ አይላክም። የቅጣቱ ወር ግን መቁጠሩን አያቆምም። መንግሥት ራሱ የዘጋውን መስመር ለምን አልተጠቀማችሁም ብሎ ዜጋን የሚቀጣበት አሠራር ፍትሕ ሊባል አይችልም።

፬. ከድሃው የሚቆረጠው መጠን

ገዢው ፓርቲ በ2017ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደግን ብሎ ይኩራራል። ቁጥሩ አድጓል፤ የብሩ አቅም ግን ወርዷል። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 286 ከግብር ነፃ የነበረው 150 ብር በጊዜው ምንዛሪ 17 ዶላር ገደማ ነበር። የ2008ቱ 600 ብር 27 ዶላር ያህል ነበር። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመጣው የ2017ቱ 2,000 ብር ግን 15 ዶላር ገደማ ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ከ1994 ዓ.ም. ወደ ኋላ ሄደናል ማለት ነው።

ከላይኛው እርከን ብንመለከት ነገሩ የባሰ ነው። 35 በመቶ የሚቆረጠው በ1994 ዓ.ም. ከ5,000 ብር በላይ ነበር፤ ይህ ከ500 ዶላር በላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ10,900 ብር በላይ ሆነ፤ 500 ዶላር ገደማ። በ2017 ዓ.ም. ከ14,000 ብር በላይ ተደረገ፤ ከ110 ዶላር በታች። የሀብታም ተብሎ የተሠራው እርከን ወርዶ ወርዶ መምህሩና ነርሷ ላይ አረፈ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የሚቀጠር ባለዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ገና ሥራ ሳይለምድ የ30 በመቶው እርከን ውስጥ ገብቷል። ከዚህም ሌላ፣ 10 በመቶ የነበረው የመጀመሪያው የግብር እርከን ቀርቶ መነሻው 15 በመቶ ሆኗል።

ዕዳው የሠራተኛው ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ወጥ ቤቷ ከ5,000 ብሯ 500 ለሥራ ግብር፣ 350 ለጡረታ ከፍላ 4,150 ይዛ ትገባለች። በዚህ ልጅ አያድግምና አሠሪዋን ጨምሪልኝ ትላለች። አሠሪዋ መጨመር ሲያቅታት ሁለቱም በስውር ይስማማሉ፤ ደመወዙ በወረቀት 2,000፣ በእጅ 5,000 ይሆናል። በዚህ ሕግ ሁለት ሰው ወንጀለኛ ሆነ፤ የወጥ ቤቷም ጡረታ በ2,000 ብር ተሰልቶ ለእርጅናዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም፣ ሠራተኛው የሚጠለልበት ወለል ሳይሠራለት የግብሩ ጣሪያ ወደ እርሱ ወረደ።

፭. ገንዘቡ የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል መንግሥትና በግል ድርጅት ሠራተኞች ላይ የሥራ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልል ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ግብሩ ወደ ፌዴራል ይሄዳል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሠራተኛና የመርሳው ዘበኛ ግብር ግን የክልሉ ነው። ስለዚህ ክልሉ በራሱ ሥልጣን ሊያስብ፣ የሕዝቡን ኑሮ አይቶ ሊወስን ይችል ነበር። የክልሉ ባለሥልጣናት ግን ሥልጣናቸውን ለመጠቀም የአዲስ አበባን ፊት ማየት ልማድ አድርገውታል።

አንቀጽ 100 ደግሞ የግብር መጠን ግብሩ ከሚደግፈው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ይናገራል። እንግዲህ የሀብሩ ሰው ይፍረድ። ከዘበኛው የተቆረጠው 150 ብር ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያሳየው ሰሌዳ በከተማው የት አለ?

፮. ፓርቲያችን ቢመረጥ

ሀ) የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮን የሚለውጥ ማናቸውም ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ ሦስት ወር ሳይሞላው ተፈጻሚ እንዳይሆን፣ ወደ ኋላም ተመልሶ እንዳይሠራ በሕግ እንከለክላለን።

ለ) ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝና እርከኖቹ በየሁለት ዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ታይተው እንዲስተካከሉ እናደርጋለን። ከእንግዲህ ሠራተኛው አሥራ አራት ዓመት በ150 ብር፣ ዘጠኝ ዓመት በ600 ብር አይጠብቅም።

ሐ) የሥራ ግብሩና የጡረታው መዋጮ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀን ይጠቃለላሉ። የቀን ሠራተኛ አቆጣጠርም አንድ ይሆናል።

መ) ሳያውቅ ለተሳሳተ ትንሽ አሠሪ የመጀመሪያው ስሕተት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ሆን ብሎ የሠራተኛን ገንዘብ ለወሰደ ግን ቅጣቱ እንዳለ ይጸናል።

ሠ) በየወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት የምክር መስኮት ይከፈታል። ሠራተኛው በጽሑፍ የሰጠው መልስ መሥሪያ ቤቱን ያስገድደዋል፤ ያን መልስ ተከትሎ የሠራ አሠሪ አይቀጣም።

ረ) በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ሳይመዘገብና ለሕዝብ ሳይገለጽ እንዳይሠራ አዟል። ይህንኑ በክልል ደረጃም እናወጣለን፤ በመሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ መመሪያ ማንም አይቀጣም።

ሰ) ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋት ወይም የኢንተርኔት መቋረጥ በታወቀበት ወቅት ቅጣትና ወለድ ማመልከቻ ሳያስፈልግ ይቆማል።

ሸ) ከወረዳው የተሰበሰበው የሥራ ግብር ምን ያህል እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ በየሩብ ዓመቱ በአደባባይ ይለጠፋል።

ይህን ለማድረግ ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ደመወዙን በወረቀት ላይ 2,000 ያደረገች አሠሪ በግልጽ 5,000 ብላ እንድትጽፍ ሕጉ ቢያደፋፍራት፣ መንግሥት ዛሬ ከማያየው ደመወዝ ግብርና መዋጮ ያገኛል። በፍርሃት የሚከፈል ግብር ፍርሃቱ እስካለ ብቻ ይከፈላል፤ ታምኖ የሚከፈል ግብር ግን ከዓመት ዓመት ያድጋል።

የሀብሩ ወገኖቻችን! አሠሪውና ሠራተኛው ባላንጣ እንዲሆኑ የሚፈልግ ሥርዓት አለ። እኛ ግን በአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ በአንድ ክረምት የሚጎዱ ወገኖች መሆናቸውን እናውቃለን። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ሕጉን ከመቀጣታችን በፊት አሳውቁን፣ የተረፈንን አትውሰዱብን፣ የወሰዳችሁትንም ምን እንዳደረጋችሁት ንገሩን። ይህን የሚመልስ መንግሥት ለማግኘት ካርዱ በእጃችሁ ነው። በምርጫው ዕለት ወጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡ፤ ከሰጣችሁም በኋላ እኛንም ጠይቁን።