ለጥቁር ምሁራን የወጣው የካናዳ የሥራ ማስታወቂያ ለካኩማ ተማሪ ምን ይነግረዋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ከካናዳ በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበው፤ ይሄ እኮ ለኛ ነው» ብሎ ጽፏል። ፎርም ፎርን ካኩማ አብረን ነው የጨረስነው። ከዚያ እሱ በዉስክ ሄደ፣ እኔ እዚሁ አስተማሪ ሆንኩ።

ማስታወቂያው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የስነ ጽሑፍና የባህል ጥናት ክፍሉ ረዳት ፕሮፌሰር ይፈልጋል። ሥራው ግን ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ዶክትሬታቸውን በቅርቡ ለያዙ ጥቁርና «በዘር የተፈረጁ» ምሁራን ብቻ ነው። በዘር የተፈረጁ ያልኩት ካናዳዎቹ «ሬሻላይዝድ» የሚሉትን ነው። ሰው ዘር ይዞ አይወለድም፣ አይቶ የሚመድበው ሌላው ሰው ነው ከሚል ሐሳብ የመጣ ቃል ነው። በተግባር ሲሠራበት ግን ነጭ ያልሆነ ማለት ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ለብቻ ይቆጠራሉ።

እውነት ለኛ ነው? ሦስት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። ግማሹ ለኛ ነው፣ ግማሹ ገና አልደረሰንም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

ነገሩ ከየት መጣ?

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲያይ ፈረንጅ አዝኖልን ያደረገው ይመስለዋል። አይደለም። የካናዳ መንግሥት በ2000 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለዩኒቨርሲቲዎች 2,000 የምርምር ወንበሮች የሚመድብ ፕሮግራም ጀመረ። ወንበሮቹን ማን እንደያዛቸው ሲታይ ሴቶች፣ ነባር ሕዝቦች፣ አካል ጉዳተኞችና ነጭ ያልሆኑ ምሁራን ድርሻቸውን አላገኙም ነበር። በ2003 ስምንት ሴት ምሁራን ለአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት አሉ። በ2006 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሥራው ሲጓተት በ2017 ሌላ የድርጊት መርሐ ግብር ወጣ፣ በ2019 ደግሞ ስምምነቱ ተሻሽሎ በቁጥር ታሰረ። በዚህ መሠረት እስከ 2029 መጨረሻ ከወንበሮቹ 22 በመቶው ነጭ ባልሆኑ፣ 50.9 በመቶው በሴቶች፣ 7.5 በመቶው በአካል ጉዳተኞች፣ 4.9 በመቶው በነባር ሕዝቦች መያዝ አለበት። በ2021 ቆጠራ ነጭ ያልሆነው የካናዳ ነዋሪ 26.5 በመቶ ነው። ስለዚህ 22 በመቶ የሚለው ቁጥር ተጋነነ የሚባል አይደለም።

ከአቤቱታው እስከ ቁጥሩ 16 ዓመት ፈጀ። በ2021 ደግሞ ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የስካርቦሮ ቻርተር የተባለውን፣ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት ለመዋጋት ቃል የሚገቡበትን ሰነድ ፈረሙ። ማስታወቂያውን የወለደው ይሄ ሁሉ ክርክር ነው።

ስለ ሳጥኑ

ፎርሙ ላይ «ራስዎን እንዴት ይገልጻሉ?» የሚል ሳጥን አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ሳጥን ስናይ ልባችን ድንግጥ ይላል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። በዚያ መስመር የተነሳ ከመንገድ የተመለሰ፣ የባሰም የደረሰበት ሰው እዚህ ጎረቤቴ ነው። ስለ ማስታወቂያው ስነግረው «እዚያም ይጠይቃሉ እንዴ?» አለኝ።

ልዩነት አለው። እዚያ ሳጥኑን የሚሞላው ሰውየው ራሱ ነው፣ የሚሞላውም እንዲቆጠርለት ነው። ለተወሰኑ ሰዎች በተከለለ ሥራ ላይ ካልሆነ በስተቀር «መመለስ አልፈልግም» ማለትም ይችላል። ካልተቆጠረ ደግሞ ማን እንደጎደለ አይታወቅም። ይሄን ጎረቤቴም ተቀብሎታል። ሆኖም ሳጥኑ የማያየው ነገር አለ። ቶሮንቶ ተወልዶ ቤተ መጻሕፍት አጠገቡ ያደገ ልጅና አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተካፍሎ የተማረ የካኩማ ልጅ እኩል «ጥቁር» ተብለው አንድ ሳጥን ይገባሉ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ሊቀጠሩ ይገባል። የተጓዙት መንገድ ግን አንድ አይደለም፣ ሳጥኑም ስለ መንገዱ አይጠይቅም።

ስነ ጽሑፍ ለምን?

«ከስንት ሙያ መሃል ስነ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ እዚሁ ኬንያ ነው ያለው። በ1968 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባ እና ታባን ሎ ሊዮንግ የሚባሉ ሦስት መምህራን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይዘጋ ብለው ጻፉ። ቋንቋውን ጠልተው አልነበረም። የአፍሪካ ተማሪ ከራሱ ምድር ስነ ጽሑፍና ከአፍ ከሚነገረው ተረት ይጀምር፣ የሌላውን ከዚያ ቀጥሎ ያንብብ ነው ያሉት። በኋላ ክፍሉ የስነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ሆነ። ይሄ የሆነው እነዚያ ሰዎች ውስጥ ተቀጥረው ስለነበሩ ነው። ደጅ ቆመው ቢሆን ማን ይሰማቸው ነበር?

ንጉጊ ራሱ በ1977 መጨረሻ፣ በኪኩዩ ቋንቋ የተሠራ ቴአትር ለሕዝብ ከታየ በኋላ፣ ታስሮ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ ተሰደደ፤ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲያስተምር ኖሮ በግንቦት 2025 አረፈ። የስደተኛ አስተማሪን ዋጋ ማየት የፈለገ እሱን ይይ።

ወደ እኛም እንምጣ። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የግዕዝ ትምህርት ሲጀምር፣ ገንዘቡን ካዋጡት መሃል በዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ በ2016 50,000 ዶላር ሰጥቷል። ትምህርት በመዋጮ ይጀመራል። ከዓመት ዓመት የሚዘልቀው ግን ቋሚ አስተማሪ ሲቀጠርለት ነው።

ከግርጌ ያለችው ዓረፍተ ነገር

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ሳነብ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ ብቃት ያለው ሁሉ ማመልከት ይችላል፣ ቅድሚያ ግን ለካናዳ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ይሰጣል። የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሪ ሲቀጥሩ ይህችን ቃል የሚጽፉት ሕጉ ስለሚያዝ ነው።

ትርጉሟ ለኛ ከባድ ነው። አንድ ስደተኛ ኬንያ ውስጥ በዳፊ፣ ማለትም ጀርመን በ1992 በጀመረችው ስኮላርሺፕ፣ ተምሮ፣ በርትቶ ዶክትሬት ቢይዝ እንኳ ሰልፉ ላይ ከኋላ ነው የሚቆመው። ጓደኛዬ የሄደበት የዉስክ ፕሮግራም ግን ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን በቋሚ ነዋሪነት ነው የሚያስገባው። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት ራሳቸው የካናዳ ተማሪዎች ናቸው፤ ከክፍያቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ይቆረጣል። ስለዚህ ጓደኛዬ ዶክትሬት ደረጃ ከደረሰ ከፊት ይሰለፋል። ለሱ ማስታወቂያው በእርግጥ «ለኛ» ነው። እዚህ ለቀረነው ግን ቀለማችን ብቻውን አያደርሰንም፤ ወረቀቱም ያስፈልጋል።

የበሮቹን ብዛት አስቡት። በዓለም ከፍተኛ ትምህርት የሚማረው ስደተኛ ወጣት ከጥቂት ዓመታት በፊት 1 በመቶ ነበር፤ በ2023 ወደ 7 በመቶ ደርሶ ነበር፤ የስደተኞች ኮሚሽን ግብ በ2030 15 በመቶ ነው። ከነዚያ መሃል ስንቱ ስነ ጽሑፍ ይማራል? ምክር የሚሰጡን ሁሉ «ነርሲንግ፣ ቢዝነስ፣ ኮምፒዩተር» ነው የሚሉት፤ ለቤተሰብ ቶሎ እንዲደርስ ብለው ነውና አልፈርድባቸውም። እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ።

ነፋሱም ተቀይሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ ፈረደ። በ2025 የመጣው አስተዳደር ደግሞ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በአጠቃላይ መዝጋት ጀመረ። ካናዳ ውስጥም አልበርታ ዩኒቨርሲቲ በ2025 የፕሮግራሙን ስም ቀይሯል። ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው ፈቃድም ከ2024 ጀምሮ ጣሪያ ተበጅቶለታል። እዚህ ካኩማ በዚያው 2025 ራሽን ተቆረጠ። የራበው ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም፣ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ ነገር እላለሁ። የ2029 ግብ የመጨረሻውን በር ይቆጥራል። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ያለች የካኩማ ልጅ ምንም ሳያሰናክላት ብትሄድ እንኳ ያ ቀን ሲደርስ ገና ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ወንበር የሚያዘጋጅ ተቋም ልጅቷ ወደ ወንበሩ የምትመጣበትን ዕድል፣ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪውንና የማስተርሱን ቦታ፣ አብሮ ያስብበት። ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ዳዳብ ድረስ ዲግሪ አምጥቶ አስተምሯል፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

ለኛ ልጆች ደግሞ፦ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውን ጠብቁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ማመልከቻ ስትሞሉ የትኛው ዕድል ቋሚ ነዋሪነት እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንደማይሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልዩነቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ባለፈው ተርም ተማሪዎቼን «ከቤታችሁ አንድ አንድ እንቆቅልሽ ይዛችሁ ኑ» ብዬ ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በዲንካ፣ በስዋሂሊ መጣልኝ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ የአያቷን ስድስት እንቆቅልሽ በሦስት ቋንቋ ጽፋ አመጣች። ሲደወል ወደኋላ ቀርታ «ቲቸር፣ ይሄን የተማረ ሰው ምን ሠርቶ ይበላል?» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

ለጓደኛዬ ትናንት ማታ መለስኩለት፦ «ላንተ ነው፤ በርታና አመልክት። ስትገባ ግን የዚህችን ልጅ ደብተር የሚያነብ ሰው እንዳትረሳ።» ማስታወቂያውን አትሜ ነገ ለልጅቷ አሳያታለሁ። ከግርጌ ያለችውን ዓረፍተ ነገርም አብሬ አስነብባታለሁ።