ግትርነት ሲወደስ

በስፖርት ሬዲዮ ፕሮግራሞቻችን፣ በየካፌው ክርክርና በማኅበራዊ ሚዲያው ለአሰልጣኝ የሚሰጥ አንድ ትልቅ ሙገሳ አለ፤ «ፍልስፍና ያለው ሰው ነው፣ ማንም ቢመጣ ጨዋታውን አይለውጥም» የሚል። እንዲህ የተባለለት አሰልጣኝ 5 ለ 1 ቢሸነፍ እንኳ «በራሱ መንገድ ነው የተሸነፈው» ተብሎ ይከበርለታል። ተጋጣሚውን አጥንቶ፣ አሰላለፉን ቀይሮ፣ ኳሱን ለባላጋራው ትቶ አሸንፎ የወጣው ደግሞ «ፈራ» ይባላል። ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ትልልቆቹን አሰልጣኞች ትልቅ ያደረጋቸውን ነገር ከታሪካቸው ላይ ፍቆ የሚያጠፋ አስተሳሰብ ነው።

የቀድሞውን የቶተንሃም አሰልጣኝ የአንጌ ፖስቴኮግሉን ሁለት ምሽቶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 2023 ቶተንሃም በሜዳው ቼልሲን ሲገጥም ሁለት ተከላካዮቹን በቀይ ካርድ አጣ። ዘጠኝ ሆነው የቀሩት ተጫዋቾች ወደ ግባቸው በመጠጋት ፈንታ የተከላካይ መስመራቸውን እስከ ሜዳው አጋማሽ ድረስ ገፉት። ከኋላቸው ያለው ግማሽ ሜዳ ባዶ ሆነ፤ ግብ ጠባቂው ቪካሪዮ ከሳጥኑ እየሮጠ እየወጣ ኳስ ሲያፀዳ አመሸ። የቼልሲው ኒኮላስ ጃክሰን ሦስት ግብ አስቆጥሮ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። አሰልጣኙ አምስት ሰው ብንቀርም እንዲሁ እንጫወታለን ብለው ተናገሩ፣ ብዙዎችም አደነቋቸው።

ሁለተኛው ምሽት ሜይ 21 ቀን 2025 ነው፤ ቢልባዎ ላይ የተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍፃሜ። የእኚሁ ሰው ቡድን ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸነፈ። የኳስ ቁጥጥሩ 27 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከብሬናን ጆንሰን ግብ በኋላ ቶተንሃም ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተከላከለ፤ ተጨማሪ ተከላካይ ተቀይሮ ገባ፤ ሚኪ ፋን ደ ቬን ከግብ መስመር ላይ ዘሎ ያወጣት ኳስ የምሽቱ ትልቅ ትዕይንት ሆነች። ክለቡ ከ2008 ወዲህ ያነሳው የመጀመሪያ ዋንጫ ይኸው ነው። በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ 22 ጊዜ ተሸንፎ 17ኛ ሆኗል። የጉዳት መብዛት ቡድኑን እንደጎዳው አልክድም። ነገር ግን ስማቸውን ያስጠራው «አልለወጥም» ባይነት 17ኛ ደረጃ ላይ ሲያደርሳቸው፣ ዋንጫውን ያስገኘላቸው የተለወጡበት ምሽት መሆኑን ለምን ጮክ ብለን አንናገርም?

በዚያ ፍፃሜ የተሸነፉት የዩናይትዱ አሰልጣኝ ሩበን አሞሪምም የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ናቸው። በስፖርቲንግ ሊዝበን የፖርቹጋል ሻምፒዮን ያደረጋቸውን ባለሦስት ተከላካይ አሰላለፍ እንዳለ ይዘው ማንችስተር ገቡ። ቡድኑ በሊጉ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እሳቸው ግን በሴፕቴምበር 2025 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንኳ ቢመጡ ሐሳቤን አያስቀይሩኝም አሉ። ሊዝበን ላይ የሠራው ነገር ማንችስተር ላይ ይሠራ ዘንድ ተጫዋቾቹ፣ ተጋጣሚዎቹ፣ ሊጉም አንድ መሆን ነበረባቸው።

«ያሸነፈ ቡድን አይነካም» የሚባለው ለአንድ ሳምንት ያህል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት ግን አይሆንም። እንዲያውም ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው። ተሸናፊውን ማን ቁጭ ብሎ ያጠናዋል? የአሸናፊውን ጨዋታ ግን የሊጉ ክለቦች ሁሉ ቪዲዮውን እየመላለሱ እያዩ፣ የመስመር ተከላካዩ መቼ ወደፊት እንደሚወጣ፣ የተከላካይ አማካዩ ኳስ ሲቀበል በየትኛው በኩል እንደሚዞር እየመዘገቡ ይከርማሉ። ስለዚህ አምና ዋንጫ ያስገኘው ጨዋታ ዘንድሮም እንዳለ ከቀረበ መልሱ የታወቀ ፈተና ይዞ መቅረብ ነው። መለወጥ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የተሳካለት ሰው ነው የምለው ለዚህ ነው።

አርሰን ቬንገር በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው ሳይነሳ አይቀርም። እኛ አገር አርሰናልን የሚደግፈው ሕዝብ አብዛኛው በእሳቸው ዘመን የወደደው ነው፤ ፍቅሩም ይገባቸዋል። የሚያሳዝነኝ ግን «ቬንገር ከመርሃቸው ዝንፍ አላሉም» እየተባለ የሚወደሱበት ታሪክ ግማሹ እውነት አለመሆኑ ነው። ቬንገር በ1996 ወደ አርሰናል ሲመጡ ያገኙትን ባለሦስት ተከላካይ አሰላለፍ ለጊዜው ይዘው ቀጠሉ፤ ኋላ ወደ 4-4-2 ቀየሩና በ1998 ዋንጫ በሉ። በሜይ 2005 በኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ፣ ሄንሪ በጉዳት በሌለበት፣ ቤርካምፕን ብቻውን ፊት አቁመው 120 ደቂቃ ሙሉ ከማንችስተር ዩናይትድ ጥቃት ሲከላከሉ ቆዩና በፍፁም ቅጣት ምት አሸነፉ። ያን ቀን የነበረው አርሰናል ውብ አልነበረም፤ ዋንጫው ግን ዛሬም የክለቡ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ደግሞ ይበልጣል። በ2006 አርሰናል ለቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ የበቃው ሄንሪን ብቸኛ አጥቂ አድርጎ፣ አማካይ ክፍሉን በአምስት ሰው ሞልቶ ነው። ከአማካዩ ፍላሚኒ የግራ ተከላካይ ሠርተው፣ ሴንዴሮስን ከኮሎ ቱሬ ጋር አጣምረው፣ በተከታታይ አሥር የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታዎች ግብ ሳይቆጠርባቸው ፓሪስ ደረሱ። ሪያል ማድሪድን በደርሶ መልስ 1 ለ 0፣ ጁቬንቱስን 2 ለ 0፣ ቪያሪያልን 1 ለ 0 እያሉ ነው ያለፉት። ቬንገር በአውሮፓ መድረክ ከአርሰናል ጋር ከፍተኛውን ደረጃ የደረሱት እንዲህ ተለውጠው ነበር። ይህን ማን ያነሳል? የምናነሳው በሊጉ ሳይሸነፉ የጨረሱበትን 2003/04 ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ «መርህ» የሚለው ተረት ይመጣል።

ተረቱን በኋለኞቹ ዓመታት ራሳቸውም ያመኑት ይመስለኛል። 2013/14ን ተመልከቱ። አርሰናል ዲሴምበር ላይ በማንችስተር ሲቲ 6 ለ 3 ተሸነፈ። ፌብሩዋሪ ላይ የሊጉ መሪ ሆኖ ወደ ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ሄደና በ20 ደቂቃ አራት ተቆጠረበት፤ ጨዋታው 5 ለ 1 አለቀ። ማርች ላይ፣ ቬንገር በአርሰናል 1000ኛ ጨዋታቸውን በሚመሩበት ቀን፣ በቼልሲ ሜዳ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ገና በ17 ደቂቃ ሦስት ለባዶ ሆነ፤ በመጨረሻ 6 ለ 0። በሦስቱም ጨዋታዎች የተደጋገመ ስህተት ነበር። የመስመር ተከላካዮቹ ወደፊት ይወጣሉ፣ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ ይነጠቃል፣ የመሃል ተከላካዩ መርቴሳከር በዚያ ረጅም ቁመናው ፈጣን አጥቂ ተከትሎ ወደ ኋላ ይሮጣል። በዚያ ዓመት በሊጉ ከተቆጠረባቸው 41 ግብ 17ቱ የገባው በእነዚህ ሦስት ጨዋታዎች ነው። በቀሩት 35 ጨዋታዎች የተቆጠረባቸው 24 ብቻ ነው። ስለዚህ ተከላካዮቹ ደካማ አልነበሩም። ከሜዳቸው ውጭ ከኃያል ቡድን ጋር ሲጋጠሙ፣ ከደካማ ቡድን ጋር በሚጫወቱበት መልክ እንዲጫወቱ ታዘው ነበር። ስድቡ ግን የደረሰው መርቴሳከር ላይ ነው። «ፍልስፍና» የሚባለው ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ተጫዋች ነው፤ የማይችለውን ሥራ ተሰጥቶት ሕዝብ ፊት ይዋረዳል፣ አሰልጣኙ ደግሞ በመርሁ ይከበራል።

«ገንዘብ አልነበራቸውም፣ አዲሱን ስታዲየም እየከፈሉ ነበር» የሚለውን መከላከያ አውቀዋለሁ፤ ለ2008 ወይም ለ2010 እቀበለዋለሁ። በ2013/14 ግን ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ ነበር፣ አምስት ያገባባቸው ሊቨርፑልም ከእነሱ የበለጠ ሀብታም አልነበረም። ደግሞስ የመስመር ተከላካይን «ዛሬ አትውጣ» ለማለት ስንት ፓውንድ ያስፈልጋል? በጃንዩዋሪ 2015 ይህንኑ አድርገውት አሳይተዋል፤ ኮክለንን ከተከላካዮቹ ፊት አቁመው፣ በ35 በመቶ የኳስ ቁጥጥር፣ የወቅቱን ሻምፒዮን ማንችስተር ሲቲን በሜዳው 2 ለ 0 አሸነፉ። ያኔ የዘመን መለወጫ ነው ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

በ2017 በባየር ሙኒክ በድምር 10 ለ 2 ከተሸነፉ፣ በሊጉም እየተንሸራተቱ ከወረዱ በኋላ፣ ኤፕሪል ላይ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞሩ። የዚያን ዓመት የመጨረሻ ስምንት የሊግ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸነፉ፤ በኤፍኤ ካፕ ማንችስተር ሲቲን፣ በፍፃሜው ደግሞ ሻምፒዮኑን ቼልሲን ጥለው ዋንጫ አነሱ። በሊጉ ግን ከሊቨርፑል በአንዲት ነጥብ አንሰው አምስተኛ ሆኑ፤ አርሰናልም ወደ ሃያ ዓመት ግድም ሳያቋርጥ የተሳተፈበትን ቻምፒየንስ ሊግ አጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ማርች ላይ የተሸነፏቸው ጨዋታዎች ሲታሰቡ፣ ለውጡ አንድ ወር ቀድሞ ቢሆን ብሎ የማይቆጭ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የተለወጡት በሌላ ሰዓት ነው፤ እያሸነፉ። በ2000 ማንችስተር ዩናይትድ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበር፣ በዚያው ዓመት ሊጉንም በ18 ነጥብ ልዩነት አሸንፏል። ሆኖም በቻምፒየንስ ሊግ ሪያል ማድሪድ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 3 ለ 2 አሰናበታቸው፤ የማድሪዱ ሬዶንዶ መስመር ላይ በተረከዙ ሄኒንግ በርግን ያለፈባት ኳስ እስከ ዛሬ ትታያለች። ሌላ ሰው ቢሆን «18 ነጥብ ርቀን ሊጉን በልተናል፣ አንድ ቀን ነው» ይል ነበር። ፈርጉሰን ግን ያ ሁሉ ዋንጫ ያስገኘላቸው 4-4-2 በአውሮፓ መሃል ሜዳውን እንደሚያስነጥቃቸው ተረዱ። ሽግግሩ ቀላል አልነበረም። በ2001 የተገዛው አማካይ ቬሮን አልተሳካለትም፣ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ፣ «የሚሠራውን አበላሹ» ተብለውም ተተቹ። እሳቸው አልተመለሱም። ካርሎስ ኬይሮዥን ምክትል አድርገው አመጡ፤ ከራሳቸው የተለየ አመለካከት ያለውን ሰው።

በ2008 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ ባርሴሎናን ሲገጥሙ የሆነውን የቡድኑ ተጫዋች የነበረው ጋሪ ኔቪል ተርኮታል። ኬይሮዥ ለሆድ እንቅስቃሴ የሚነጠፉትን ምንጣፎች አምጥቶ ልምምድ ሜዳው ላይ ዘረጋቸው፤ ተከላካዮቹና አማካዮቹ የሚቆሙባትን ቦታ በእርምጃ ለክቶ ለማሳየት ነው። ቡድኑ ያንን አቋቋም በእግሩ ደጋግሞ ለመደው። ከዚያ ካምፕ ኑ ላይ 0 ለ 0፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ስኮልስ ከሩቅ በመታት ኳስ 1 ለ 0፣ ሞስኮ ላይ ዋንጫው። ሮናልዶ፣ ሩኒና ቴቬዝ ያሉበት ቡድን ነው እንዲህ ተጠንቅቆ የተከላከለው። የፈርጉሰን ቡድን ማጥቃቱን ረሳ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የሚገባ ተቃውሞ አለ፤ ከፔፕ ጓርዲዮላ የሚነሳው። በ2014 ባየርን ይዘው ሪያል ማድሪድ ላይ አራት አጥቂ አሰልፈው በሜዳቸው 4 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ብለው ራሳቸው አምነዋል። በ2020 ማንችስተር ሲቲን ይዘው ሊዮን ላይ ሦስት የመሃል ተከላካይ አቁመው 3 ለ 1 ተሸነፉ። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ያለ ተከላካይ አማካዮቻቸው ሮድሪና ፈርናንዲኞ ጀምረው በቼልሲ 1 ለ 0 ተረቱ። «አየህ፣ ሲለውጡ ነው የሚሸነፉት» ይባላል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ለትልቅ ጨዋታ ዋዜማ የታሰቡ ለውጦች ናቸው። ተጫዋቹ አቋቋሙን እግሩ ሳይለምደው ሜዳ ገብቶ ያስባል፤ በዚያ ደረጃ ቆሞ የሚያስብ ደግሞ ይቀደማል። በ2022/23 ያደረጉት ከዚህ ይለያል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሊጉን ያለ ቋሚ የፊት አጥቂ አሸንፈው ሳለ ሃላንድን አስገቡ። ከዚያ በወራት ሥራ ጆን ስቶንስን ከተከላካይነት ወደ አማካይ ክፍል አሸጋገሩት፣ ካንሴሎን በውሰት ሸኙ፣ የኋላውን በእነ አካንጂና አኬ አጠናከሩ። ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት የመጣው በዚህ ነው። የሚያዋጣው ለውጥ ልምምድ ሜዳ ላይ የበሰለው ነው፤ ጊዜም የሚኖረው ገና እያሸነፈ ለጀመረ ነው።

በሴፕቴምበር 2025 ጓርዲዮላ ኤሚሬትስ ላይ አርሰናልን ሲገጥሙ ቡድናቸው ኳሱን የያዘው 33 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በሊግ አሰልጣኝነት ዘመናቸው ዝቅተኛው። ሃላንድ ቀድሞ አስቆጠረ፣ ከዚያ አምስት ተከላካይ ይዘው ሳጥናቸው ውስጥ ተከላከሉ፣ ማርቲኔሊ በጭማሪ ሰዓት አቻ አደረገ። በማግስቱ «ጓርዲዮላ ራሱን ካደ» የሚል ትችት ዘነበባቸው። ግቧ ባትገባ ኖሮ ትችቱ ወደ አድናቆት ይለወጥ እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ ምክንያቱም የተቆጡበት ውጤቱ አልነበረም፣ ሰውየው በሃምሳ አራት ዓመቱ ያን ሁሉ ዋንጫ ይዞ እንደ ጀማሪ ሌላ መንገድ መሞከሩ ነበር። እኔ ያከበርኳቸው በዚሁ ነው።