ያላሰብነውን ቃል ስለሚጽፍ ስልክ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ መነጋገር ልማዳችን ነው። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከእልፍኝም ከማድ ቤትም ሳይለይ በየኪሳችን የሚዞር ነው። ይኸውም በእጅ ስልክ መልእክት ስንጽፍ ከፊደሉ ገበታ በላይ ብቅ እያለ ቃሉን ከአፋችን ሊነጥቀን የሚፈልገው የቃል ግምት ነው።

አንዲት በቀራንዮ ሰፈር የምትኖር ሙሽራ ለባሏ አባት የማለዳ ሰላምታ ልትልክ አሰበች እንበል። «አባባ፥ እንደምን» ብላ ስትጀምር ስልኩ «አደርክ» የሚለውን ቃል ያቀርብላታል። እርሷም በጥድፊያ ጣቷን ታሳርፍበታለች፤ መልእክቱም ይሄዳል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ «አንተ» ተብለዋል። ጥፋቱ የመኪናው ነው ብሎ ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ቅር ያለውን ልብ በማስረጃ መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም። በቋንቋችን ክብር በአንድ ፊደል ላይ የቆመ ነውና። «ደረሰ» እና «ደረሱ» የሚለያዩት በመጨረሻዪቱ ፊደል ቅጥያ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በታናሽና በታላቅ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ስልኩ ይህን የሚያደርገው ባለጌ ስለ ሆነ አይደለም። የሚያውቀው መቍጠርን ብቻ ነው። ብዙ ጽሑፍ ተሰብስቦ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚበዛ ተቈጥሮ ተሰጥቶታል፤ በዚያም ላይ የባለቤቱን አጻጻፍ ዕለት ዕለት እየተመለከተ ይጨምርበታል። ለጓደኞቿ በቀን ሃያ ጊዜ «አደርክ» እና «አደርሽ» የምትጽፍ ወጣት ለአማቷ በሳምንት አንድ ጊዜ «አደሩ» ብትጽፍ፥ መኪናው የሚያደላው ወደ በዛው ነው። ለማን እንደምትጽፍ አይመረምርም። መሐንዲስ አያና ብሩ የደከሙለት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና እንኳ ጣት የነካውን ፊደል ከማተም በቀር አሳብ አልነበረውም።

በአማርኛ ግምቱ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚሳሳትበት ምክንያት አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ ስልት ይጽፍ ስለ ነበረ፥ አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን ሌላው ማንበብ ይሳነው ነበር። ስለዚህ መኪናው የሚማርበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ግሳችንም አለ፤ «ሰበረ» ከሚለው አንድ ቃል «አልሰበርናቸውም»፥ «እንደሚሰብሩልን»፥ «ባይሰብሩባትም» እያለ ማለቂያ የሌለው ዘር ይወጣል፤ ይህን ሁሉ በዝርዝር የያዘ መዝገብ ከየት ይገኛል?

ከሁሉ የሚብሰው ግን የአጻጻፋችን መለያየት ነው። «መድኃኔ ዓለም» የሚለውን ስም እንመልከት። የ«ኃ»ን ድምፅ በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀና በኃ፥ በስድስት ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ የ«ዓ»ን ድምፅ ደግሞ በአ፥ በኣ፥ በዐና በዓ፥ በአራት። ስድስቱ በአራት ሲባዛ፥ ሲነበብ አንድ የሆነው ስም ሲጻፍ 24 ዓይነት መልክ ያገኛል። ሁለቱን ቃላት የሚያጣብቅና የሚለይ ሲጨመርበት 48 ይሆናል። ለሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ለሚቈጥር መኪና ግን 48 ልዩ ልዩ ስም ነው፤ ቍጥሩም ተበትኖ ሁሉም ደካማ ይሆናል። የሰፈሩ ስም ራሱ አንድ ጊዜ «ቀራንዮ»፥ አንድ ጊዜ «ቀራኒዮ» ተብሎ ይጻፋል። «ጦር ኃይሎች» የሚለውም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ይህ ጸሐፊ ከሊቃውንቱ ጋር ስለ ሀ እና ስለ ሐ ለመከራከር አይደፍርም፤ ነገር ግን ቢያንስ በአንድ ቤት ውስጥ የቤተ ሰቡን ስሞች ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል ቢጽፏቸው ስልኩም ይማራል፥ የልጆቹም ወረቀት በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት አይጋጭም።

እንግዲህ ወደ ማረሙ እንምጣ። ጂቦርድ በተባለው የፊደል ገበታ የማይፈለግ ቃል ከላይ ብቅ ባለ ጊዜ በጣት ተጭኖ ይዞ ቈይቶ ወደሚታየው የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል መጐተት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያ ቃል መቅረቡን ይተዋል። የወዳጅ ዘመድ ስም ሁልጊዜ እየተበላሸ የሚያስቸግር እንደ ሆነ፥ በዚያው በገበታው ማስተካከያ ውስጥ ዲክሽነሪ ወደሚለው ገብቶ በግል መዝገቡ ላይ ስሙን በትክክል መጻፍ ይገባል፤ አጭር ምልክትም ሊሰጠው ይቻላል። ለአይፎን ባለቤቶች ይኸው ነገር በሴቲንግ፥ በጄኔራል፥ በኪቦርድ ሥር ቴክስት ሪፕሌስመንት በሚለው ይገኛል። በዚህ መንገድ «እንደምን አደሩ» የሚለውን ሙሉ ሰላምታ በሁለት ፊደል ምልክት ማስቀመጥ ለሙሽሮችም ለጸሐፊዎችም የሚበጅ ነው።

የተማረው ሁሉ ጠማማ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ማስረሳት ይቻላል። በጂቦርድ ፕራይቬሲ በሚለው ክፍል፥ በአይፎንም ሪሴት ኪቦርድ ዲክሽነሪ በሚለው ይፈጸማል። ግን ክፉው ሲጠፋ ደኅናውም አብሮ ይጠፋልና ሳይቸኵሉ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ አስቀድሞ አውቶ ኮሬክሽን የተባለውን ማጥፋት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ስልኩ ምክር ይሰጣል እንጂ ሳይፈቀድለት ቃል አይለውጥም።

ብዙ ወጣቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ገበታው በእንግሊዝኛ ላይ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ፥ ስልኩ አማርኛውን የተበላሸ እንግሊዝኛ መስሎት እንዲያርመው መጋበዝ ነው። በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛም ይኸው ይደርስበታል። መድኃኒቱ የሚጽፉበትን ቋንቋ ገበታ በማስተካከያው ጨምሮ ወደ እርሱ መለወጥ ነው።

ስልክን ለልጆች ስለ ማዋስም አንድ ቃል እንጨምር። ልጁ በአባቱ ስልክ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀላለድ የዋለ እንደ ሆነ፥ አባት በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሲጽፍ የሚቀርብለት የልጁ ቀልድ ነው። ስልኩም የተማረውን ለያዘው ሁሉ ያሳያል፤ አባት በምሥጢር የጻፈው ስም ልጁ አንድ ፊደል ሲነካ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ለልጆች ጨዋታ አሮጌ ስልክ መለየት ይሻላል፤ ካልሆነም ከማዋስ በፊት ግምቱን ማጥፋት ነው።

የሕመምን ነገር በጽሑፍ የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት «ተሻላቸው» ወይም «አልተሻላቸውም» ማለቱን ጮክ ብሎ ያንብብ። መርዶን ግን አባቶቻችን ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ በር እንዲያንኳኳ እንጂ በወረቀት እንዲደርስ አይወዱም ነበር፤ በስልክ ጽሑፍ የሚላክበት ምክንያት ለእኛ አልታየንም።