የአዋላጇ ሕሊናና የእናቲቱ ሕይወት

በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ማልዶ የቆመ ሰው ኪዳን አድርሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ታክሲ የሚፈጥኑ እኅቶችን ያያል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቦርሳቸው የሥራ ጋዋን ይዘዋል፤ ነጠላውን አጥፈው ጋዋኑን የሚለብሱት በየመንገዱ ዳር ባሉት ክሊኒኮችና በጤና ጣቢያዎች ነው። በዚሁ አካባቢ በአዋላጅ ነርስነት የምታገለግል አንዲት እኅታችን በቅርቡ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «የንስሐ አባቴ ‹ወደዚያ ክፍል እንዳትገቢ› ብለውኛል። ኃላፊዬ ደግሞ ‹በእምነት ምክንያት እምቢ ማለትን ሕጉ አይፈቅድልሽም› ይለኛል። ለማን ልታዘዝ?»

ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። በጤና ሙያ ያሉ በርካታ ኦርቶዶክሳውያን ይህንኑ ለንስሐ አባቶቻቸው በሹክሹክታ ያነሣሉ። በዐደባባይ ግን ሲወያዩበት አንሰማም፤ ስለዚህም ሕጉ ምን እንደሚል፣ ቤተ ክርስቲያንም ምን እንደምታስተምር ሳይጣራ በወሬ ብቻ የሚወስን ብዙ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ክልከላውን በመሠረቱ ጠብቆ፣ በአንቀጽ 551 የማያስቀጡ ሁኔታዎችን አሰፋ። እነዚህም እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናት ወይም የልጅ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እርጉዟም በአካልም በአእምሮም ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው። አንቀጽ 552 ተደፍራ ለፀነሰች ሴት ቃሏ በቂ ማስረጃ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ «በኢትዮጵያ ውርጃ ተፈቅዷል» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም፤ «ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚለውም እንዲሁ።

እኅታችንን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 በአንቀጽ 84 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት እንደ እርግዝና መከላከያ፣ በሕግ የተፈቀደ ፅንስ ማቋረጥና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን እንዳይከለክል አዘዘ። በብዙ አገሮች ሕግ ለሕሊና የሚተወው ጠባብ በር በዚህ አንቀጽ ተዘጋ።

በአንቀጹ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ አቁማዳ መታሰራቸውን ልብ ይሏል። ደም መስጠት ለኦርቶዶክሳዊ የሕሊና ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁንም ደምን ለወንድም መስጠት የፍቅር ሥራ ነው። የእርግዝና መከላከያ ነገር በንስሐ አባትና በባለ ትዳሮች መካከል በምክር የሚታይ፣ ፅንስ እንዳይፈጠር የሚከላከለው የተፀነሰውን ከሚያጠፋው ተለይቶ የሚመረመር ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም የተፀነሰውን ሕይወት ማቋረጥ፣ ከሁለቱ ጋር አይነጻጸርም። ሕግ አውጪው እነዚህን አለመለየቱ ያሳዝናል። እኛም የምንለያቸው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። መከላከያ ልትጠይቅ የመጣችን ባለ ትዳር ሴት እንደ ነፍሰ ገዳይ የሚያይ ባለሙያ እምነቱን ጠበቀ አንለውም።

ስለ ፅንስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 138 በእናቱ ማኅፀን ሳለ እግዚአብሔር እንዳየው ይመሰክራል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ዮሐንስ ገና ሳይወለድ ለጌታው ሰገደ። ቅዱስ ባስልዮስም ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ክርክር ሳይቀበል፣ ዐውቃ የምታጠፋውን ሴት በነፍሰ ገዳይነት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአንቂራ የተሰበሰቡ አባቶች ያደረጉትን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረው ሥርዓት እንዲህ ያደረገችውን ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ከምሥጢራት ይለይ ነበር፤ አባቶች በ21ኛው ቀኖናቸው ይህን አቅልለው ዐሥር ዓመት አደረጉት። ኃጢአቱን ቀላል አላሉትም፤ ለሴቲቱ ግን የመመለሻ በር ከፈቱላት።

ባለሙያዋ «እጄን በዚህ አላስገባም» ማለቷ ታዲያ መብት ነውን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የሕሊና ነፃነትን ያረጋግጣል። እምነትን በተግባር መግለጽ ግን የሕዝብን ጤናና የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል በዚያው ይናገራል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ከሚመጣ ጉዳት እንዲጠበቁ መብታቸውን ያጸናል። ሁለቱ አንቀጾች የሚገናኙት እኅታችን በምትሠራበት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም የተሄደበትም መንገድ አንድ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1967 ባለሙያ በሕሊና ምክንያት ከውርጃ እንዲርቅ ፈቅዶ፣ የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን የሚደረገውን ግን ከፈቃዱ አወጣ። በ2014 የግላስጎው ሁለት አዋላጆች ሌሎችን ከመምራትና ከመቆጣጠርም እንዲድኑ ቢጠይቁ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈቃዱ የሚመለከተው በቀጥታ መሳተፍን ብቻ ነው ብሎ ፈረደባቸው። በስዊድን በዚሁ ምክንያት ሥራ የተነፈጉ ሁለት አዋላጆች አቤቱታ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ በ2020 ተቀባይነት አጣ። በጣሊያን ግን እምቢታው እጅግ ሰፍቶ ከማኅፀን ሐኪሞች አብዛኞቹ በዚህ ተመዝግበዋል። በአየርላንድ በ2012 አንዲት ሕንዳዊት የጥርስ ሐኪም እርግዝናዋ ሊድን እንደማይችል እየታወቀ፣ የፅንሱ ልብ ይመታል ተብሎ ሕክምናው ዘግይቶባት በደም መመረዝ ሞተች። ሕዝቡ ከስድስት ዓመት በኋላ ያን ጥብቅ የሕገ መንግሥት ክልከላ በድምፁ ሻረው። የአየርላንዱን ታሪክ ቆም ብለን ልናስበው ይገባል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። ቅናሹ ከብዙ ምክንያቶች የመጣ ቢሆንም፣ ቀድሞ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ በየጓዳው በሥር በቅጠልና በሹል ነገር የሚፈጸም ውርጃ እንደ ነበር የሆስፒታል ሐኪሞች ያውቃሉ። በ2006 ዓ.ም. በአገሪቱ 620,300 ያህል ውርጃ መፈጸሙንና ከዚህ በጤና ተቋም የተደረገው 53 በመቶ መሆኑን ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከእነዚህ ሴቶች ጥቂት የማይባሉት በማዕተብ የታሰሩ ልጆቻችን ናቸው። ሕጉ ቢጠብቅም ቢላላም ይህ ቁጥር በቅድሚያ የሚያሳፍረው እኛን ነው፤ ያቺ ልጅ ወደ ክሊኒኩ ከመሄዷ በፊት ወደ እኛ ለመምጣት ለምን ፈራች?

የእምቢታው ክብደትም እንደ ቦታው ይለያያል። በሀይሌ ጋርመንት አንዲት ነርስ «ይህን አልሠራም» ብትል ታካሚዋ መንገድ ተሻግራ ሌላ ክሊኒክ ታገኛለች። አንድ አዋላጅ ብቻ ባለበት የገጠር ጤና ጣቢያ ግን ቀጣዩ ተቋም የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይም በአማራም የተደፈሩ እኅቶቻችን ወደ ጤና ተቋም የመጡት ቁስላቸውን፣ በሽታቸውንና ፍርሃታቸውን ይዘው ነው። እነዚህን ገና ከበር መመለስ፣ ወይም ሰው በተሰበሰበበት መገሠጽ፣ ከየትኛው መጽሐፍ ተገኘ?

በዘፀአት ምዕራፍ 1 የተጻፉት አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ ለፈርዖን አልታዘዙም፤ ከወላዶቹ አልጋ አጠገብ ግን አልራቁም። እምቢታቸው ለንጉሡ እንጂ ለእናቶች አልነበረም፤ የሚመጣባቸውን ቁጣም የተሸከሙት ራሳቸው ናቸው። በእኛ እይታ የሕሊና እምቢታ የሚለካው በዚህ ነው፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? እምቢ ባዩ የሥራ መደቡን፣ እድገቱን፣ የአለቃውን ወዳጅነት ቢያጣ መስቀሉን ተሸከመ። ታካሚዋ ደም እየፈሰሳት ብትመለስ ግን መስቀሉን ያሸከመው እርሷን ነው።

ስለዚህ መንግሥት በሕጉ ጠባብም ቢሆን በር ቢከፍት እንላለን። ባለሙያው ሲቀጠር ሕሊናው የማይፈቅድለትን አንድ ተግባር በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ተቋሙም በምትኩ ሌላ ሰው የመመደብ ግዴታ ይኑርበት። ሕይወት አስጊ በሆነ ጊዜ ፈቃዱ አይሥራ። ፅንስ ወርዷት የምትደማውን፣ ከማኅፀን ውጭ ያረገዘችውን፣ ጓዳ ውስጥ በተፈጸመ ውርጃ የተመረዘችውን ማከም ውርጃ መፈጸም አይደለም፤ ይህን እምቢ የሚል ክርስቲያን ካለ ተሳስቷል። የንስሐ አባቶቻችንም «ወደዚያ ክፍል አትግቢ» ከማለታቸው በፊት በክፍሉ ምን ምን እንደሚሠራ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ክፍል የሚሞቱ እናቶች ይድናሉና።

ለእኅታችንም ይህንኑ ነገርናት። ወደ ክፍሉ እንድትገባ፣ የሚደሙትን እንድትረዳ፣ የማትሠራውን አንድ ነገር ለይታ ለኃላፊዋ በደብዳቤ እንድትገልጽ፣ ደንቡ ግን ከለላ እንደማይሆናት እንድታውቅ መከርናት። ደብዳቤውን ጻፈች። «ቢያባርሩኝስ ከእኔ ጋር ማን ይቆማል?» ስትለን መልስ አልነበረንም። ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ በሥራዋ ላይ ናት፤ ኃላፊዋም ደብዳቤውን ተቀብሎ ዝም ብሏል።